አስቀድሞ የተቀመጠ አፈር፦ በኢሉባቦር በማዕድን ቁፋሮ የተራቆተ መሬትን በዕፅዋት መልሶ ስለማልበስ

የሕዝባዊ ገለጻ ሙሉ ቃል



ዛሬ የማቀርበው ገለጻ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ የሚያጠነጥን ነው። በኢሉባቦር ምድር ማዕድን ለማውጣት ሲባል የተገለጠ መሬት ተመልሶ ዕፅዋት ይለብስ ዘንድ፣ አፈሩም በጎርፍ ተጠርጎ ወደ ጌባና ወደ ባሮ እንዳይወርድ ምን መደረግ አለበት? የተለመደው መልስ «ችግኝ ይተከላል» የሚል ነው። እኔ ግን ሥራው የሚቃናው ወይም የሚበላሸው ችግኝ ከመተከሉ ከብዙ ጊዜ በፊት፣ ቁፋሮው በሚጀመርበት ወቅት ነው እላለሁ። የመጀመሪያው ዶዘር ሲገባ ለሙ አፈር ወዴት ተወሰደ? የምንጩና የጎርፉ ውሃ በየት በኩል ተመራ? ሥራው በየትኛው ወር ተጀመረ? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ካላገኙ፣ ከዓመታት በኋላ የሚተከለው ችግኝ ብዛቱ ምንም ያህል ቢሆን ተስፋው የመነመነ ነው።

ገለጻዬ በአራት ይከፈላል። በመጀመሪያ ስለ ቦታው፣ ቀጥሎ ስለ ዝናቡ፣ ከዚያም ስለ አፈሩና ስለ ውሃው፣ በመጨረሻም ስለ ዕፅዋቱና ሥራውን ስለሚጠብቀው ሕዝብ እናገራለሁ።

አንደኛ፦ ቦታው

ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ያዩ ትገኛለች። በያዩና በአጎራባቾቿ በሁሩሙና በዶረኒ የተዘረጋው የቡና ደን፣ የዓረቢካ ቡና በዱር ሆኖ በተፈጥሮ ከሚበቅልባቸው በዓለም ላይ ጥቂት ከሆኑ ስፍራዎች አንዱ ነው። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የያዩን የቡና ደን በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቦታል። ጠቅላላ ስፋቱ 167,021 ሄክታር ነው። ከዚህ ውስጥ 27,733 ሄክታሩ ጥብቅ ማዕከላዊ ክልል፣ 21,552 ሄክታሩ መከለያ ቀጠና፣ ቀሪው 117,736 ሄክታር ደግሞ ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት የሽግግር ቀጠና ነው።

በዚሁ ምድር ሥር የድንጋይ ከሰል አለ። ከሰሉ የሚገኘው በሁለት ዘመን በፈሰሱ የባዛልት ድንጋዮች መካከል፣ በጥንት ሐይቆችና ረግረጎች ውስጥ በተጠራቀመ የሸክላና የደለል ንብርብር ውስጥ ነው። ደረጃው ከሊግናይት እስከ ንዑስ ቢቱሚነስ የሚደርስ ነው። በ2000ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ መንግሥት ይህን ከሰል መነሻ ያደረገ የማዳበሪያ ፋብሪካ በያዩ ለማቆም ተነሣ፤ የግንባታው ተቋራጭ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ነበር። ግንባታው ሳይጠናቀቅ መቆሙን ሁላችንም እናውቃለን። የቆመበትን ምክንያት መተንተን የዛሬ ተግባሬ አይደለም። ለእኔ ሙያ የሚበቃኝ ትምህርት አንድ ነው፤ ፕሮጀክት ሲቆም ዝናብ አይቆምም። መሬት ከተገለጠ በኋላ ገንዘብ ቢያልቅ፣ ውል ቢቋረጥ፣ ኃላፊ ቢቀየር፣ በሚቀጥለው ክረምት የሚመጣው ጎርፍ ይህን ሁሉ አይጠይቅም። ስለዚህ የመልሶ ማልበስ ዕቅድ ለሥራው ማብቂያ ብቻ የሚዘጋጅ ሰነድ ሊሆን አይገባም። ሥራው በመካከል ቢቋረጥ ማን፣ በምን ገንዘብ፣ የትኛውን ተዳፋት እንደሚሸፍን አስቀድሞ መናገር ይኖርበታል።

ደግሞም ነገሩ የከሰል ብቻ አይደለም። ለመንገድ ጠጠር የሚወጣባቸው የድንጋይ ካባዎች፣ ቀይ አፈር የሚጫንባቸው ጉድጓዶች፣ በወንዝ ዳር የሚቆፈረው አሸዋ፣ ሁሉም በትንሹም በትልቁም ያው ጥያቄ አለባቸው። ከመቱ እስከ ጎሬ፣ ከጎሬም ወዲያ በመንገድ ዳር የምናያቸው ቀያይ ቁስሎች የዚህ ምስክሮች ናቸው።

ሁለተኛ፦ ዝናቡ

በመቱና በጎሬ አካባቢ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ ዝናቡም ከሚያዝያ አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ይዘልቃል። ይህ ለቡናውና ለጫካው በረከት ነው። ለተገለጠ ተዳፋት ግን ከሁሉ የከፋ ጠላት ነው። ምን ያህል የከፋ እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ።

ከ1970ዎቹ ጀምሮ በስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተካሄደው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም በአገራችን የተለያዩ የአየር ጠባዮች የምርምር ጣቢያዎች ነበሩት፤ አንዱ እዚሁ በኢሉባቦር፣ በዲዚ ነበር። ከዚህ ፕሮግራም ጋር ስሙ የሚነሣው ሃንስ ሁርኒ፣ በዓለም የታወቀውን የአፈር ክለት ስሌት ለኢትዮጵያ እንዲስማማ አድርጎ አዘጋጅቶታል። በዚህ ስሌት የዝናቡ የመሸርሸር አቅም የሚገኘው ዓመታዊውን የዝናብ መጠን በ0.562 አባዝቶ 8.12 በመቀነስ ነው። ዓመታዊ ዝናቡ 900 ሚሊ ሜትር በሆነበት ስፍራ ውጤቱ 498 ያህል ይሆናል። በ1,800 ሚሊ ሜትር ደግሞ 1,003 ያህል ይደርሳል። እንግዲህ አንድ ዓይነት አፈር፣ አንድ ዓይነት ተዳፋት፣ አንድ ዓይነት ሽፋን ቢኖረን፣ በእኛ ዘንድ የሚደርሰው ጉዳት ዝናቡ በግማሽ ከሚያንስበት አገር እጥፍ ነው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ስሌት ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የሚለዋወጠው ቁጥር የዝናቡ አይደለም፤ የሽፋኑ ነው። ጥቅጥቅ ላለ ደን የተሰጠው ዋጋ 0.001 ነው። ጥቅጥቅ ላለ ሣር 0.01፣ ለተጎዳ ሣር 0.05፣ ለጤፍ ማሳ 0.25፣ ታርሶ ባዶውን ለተተወ መሬት ደግሞ 0.60 ነው። ተማሪዎቼ ይህን በቃላችሁ ያዙልኝ። ደኑን መንጥረን አፈሩን አላልተን ስንተወው የአፈር ክለቱን በ600 እጥፍ እናሳድጋለን። በዚያው መሬት ላይ የተጎሳቆለ ሣር እንኳ ብናበቅል ጉዳቱ በ12 እጥፍ ይቀንሳል፤ ጥሩ ሣር ካበቀልን በ60 እጥፍ ይቀንሳል። ዛፍ ለማሳደግ ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ ሣር ግን በአንድ ክረምት ይደርሳል። ስለዚህ በማዕድን መሬት ላይ የመጀመሪያው ዓመት የሣር ዓመት ነው። ዛፉ ከሣሩ ጋር ሊተከል ይችላል፤ አፈሩን በመጀመሪያው ዓመት የሚያቆየው ግን ሣሩ ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ የጊዜ ጉዳይ አለ። በአገራችን ችግኝ የሚተከለው በሰኔና በሐምሌ ነው፤ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻም ይህን ልማድ አጽንቶታል። ለእርሻ ዳርና ለኮረብታ ጊዜው ትክክል ነው። በተገለጠ የማዕድን መሬት ላይ ግን በሐምሌ መድረስ መዘግየት ነው፤ ዝናቡ ሁለት ሦስት ወር ሙሉ በባዶ አፈር ላይ ወርዷልና። በኢሉባቦር ዶዘር አፈር የሚያንቀሳቅስበት ወራት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሊሆን ይገባል። መጋቢት ላይ ተዳፋቱ ተስተካክሎ፣ የጎርፍ መቀልበሻ ቦዩ ተቆፍሮ፣ ለሙ አፈር ተመልሶ መልበስ አለበት። የሚያዝያ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ሣሩ መሬት ውስጥ መሆን ይኖርበታል። አንድ ድርጅት የሥራ መርሐ ግብሩን ሲያቀርብ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የችግኙ ብዛት ሳይሆን የወራቱ ቅደም ተከተል ነው።

ሦስተኛ፦ አፈሩና ውሃው

የኢሉባቦር አፈር አብዛኛው ናይቲሶል የምንለው ጥልቅ ቀይ አፈር ነው። ከላይ ሲታይ የማያልቅ ሀብት ይመስላል፤ ቁፋሮ በገለጠው ግድግዳ ላይ ስንመለከተው ሜትሮች ይወርዳል። ነገር ግን ሕይወት ያለው በላይኛው ጥቁረት በለበሰው ስስ ንብርብር ነው። ብስባሹ፣ የምድር ትሉ፣ ለዕፅዋት ሥር ፎስፈረስ የሚያቀብሉት ማይኮራይዛ የተባሉ ፈንገሶች፣ ገና ያልበቀለው ዘር፣ ሁሉም በዚያ ናቸው። ከሥሩ ያለው ቀይ አፈር አሲዳማ ነው፤ ፎስፈረስን አጥብቆ ይይዛል፤ አሉሚኒየሙም የሥርን እድገት ይገታል። ዶዘር ሁለቱን ሲቀላቅላቸው የላይኛው በታችኛው ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ በማዳበሪያም ሆነ በኖራ የሚደረገው ጥረት የጠፋውን በከፊል ለመተካት የሚደረግ ትግል ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። አሥር ሄክታር መሬት ላይ የላይኛውን 20 ሴንቲ ሜትር አፈር ለይተን ብናነሣ 20,000 ሜትር ኩብ እናገኛለን። 16 ሜትር ኩብ በሚይዝ ገልባጭ መኪና 1,250 ምልልስ ነው። ይህ ወጪ አለው። ነገር ግን አፈሩን ሳንለይ ብንቀብረውና በኋላ ከሌላ ቦታ እናምጣ ብንል፣ ሌላ አሥር ሄክታር መሬት መግፈፍ ይኖርብናል። አንዱን ቁስል ለማዳን ሌላ ቁስል መክፈት ነው።

የተለየው አፈርም የሚቀመጥበት ሥርዓት አለው። ክምሩ ከሁለት ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከፍ ባለ ክምር ውስጥ አየር ስለማይገባ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ይሞታሉ። ክምሩን ሣር ማልበስ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ራሱ ክምሩ ይሸረሸራል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ጨርሶ አለመከመር ነው። ዛሬ ከሚከፈተው ቦታ የተገፈፈውን ለም አፈር፣ ትናንት ቁፋሮው አልቆ በተስተካከለው ቦታ ላይ ወዲያው ማልበስ። በምዕራብ አውስትራሊያ የቦክሳይት ማዕድን በሚወጣባቸው ደኖች ለዓመታት የተሠራበት መንገድ ይህ ነው፤ የሚመለሰው ደን ዝርያ የበዛበት እንዲሆን አብዛኛውን ድርሻ ያበረከተው በአዲስ አፈሩ ውስጥ የነበረው ዘር ነው።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልገናል። የአውስትራሊያው ልምድ እንዳለ ለእኛ አይሠራም። ፕሮፌሰር ደምል ተከታይ በኢትዮጵያ ደጋማ ደኖች የአፈር ውስጥ ዘር ላይ ባካሄዱት ጥናት፣ በአፈሩ ውስጥ ተኝቶ የሚቆየው ዘር በብዛት የቅጠላ ቅጠልና የሣር ዘር እንደሆነ፣ የደኑ ዋና ዋና ዛፎች ግን ዘራቸው በአፈር ውስጥ ብዙም እንደማይቆይ አሳይተዋል። የቡና ዘርም ቢሆን ከወራት በላይ የመብቀል አቅሙን አይጠብቅም። ስለዚህ በያዩ የተመለሰ ለም አፈር የመጀመሪያውን አረንጓዴ ሽፋን ይሰጠናል፤ ቀረሮውን፣ ጥቁር እንጨቱን፣ ዶቅማውን ግን አይሰጠንም። እነዚህን ከአጠገቡ ካለው ደን ዘር ሰብስበን፣ በችግኝ ጣቢያ አሳድገን፣ በእጃችን መትከል ይኖርብናል። አጠገቡ ያለው ደን ካለቀ ደግሞ የምንሰበስበው ዘር የለም። የተፈጥሮ ደንን መጠበቅና የተራቆተን መሬት ማልበስ አንድ ሥራ የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ትርፉ ድንጋይና ሸክላ ክምርም ሁለት ነገር ልናገር። አንደኛው ኬሚካላዊ ነው። ከከሰል ጋር የሚወጣ ጥቁር ሼል ፓይራይት ሊይዝ ይችላል። ፓይራይት አየርና ውሃ ሲያገኘው ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጥራል፤ ከዚህ የሚወጣው ውሃ ጅረትን ያቀላል፣ ዓሣን ይገድላል፣ በላዩም ምንም አይበቅልም። ስለዚህ ከከሰሉ በላይና በታች ያለው ንብርብር በቁፋሮ ናሙና አስቀድሞ ተመርምሮ፣ አሲድ አምጪው ተለይቶ፣ በሸክላ ተሸፍኖ ከአየር ርቆ መቀበር አለበት። ይህ ምርመራ ውድ አይደለም። በዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ሊሠራ የሚችል ነው።

ሁለተኛው የውሃ ጉዳይ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1959 ዓ.ም. በዌልስ አበርፋን በተባለች የከሰል መንደር ከኮረብታው ላይ የተከመረ የማዕድን ትርፍ ተንዶ ትምህርት ቤት ላይ ወረደ። 144 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱ 116ቱ ሕፃናት ነበሩ። ክምሩ የተሠራው በምንጭ ላይ ነበር። ለእኛ ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በከባድ ዝናብ የራሰ ተዳፋት ተንዶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ቀብሯል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ። በጎፋ የተናደው ማንም ያልከመረው ተዳፋት ነበር። ሰው ሠርቶ የከመረው፣ ያልጠነከረ፣ ከሥሩ ምንጭ ያለበት ክምር ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ኢሉባቦር ደግሞ በየሸለቆው ምንጭ የሚፈልቅበት አገር ነው። ክምር ከመሠራቱ በፊት ምንጮች በሙሉ በካርታ ላይ መውጣት አለባቸው። የምንጩ ቦታ በክረምት እንጂ በበጋ አይታወቅም፤ ስለዚህ አንድ ሙሉ ዓመት መከታተል ያስፈልጋል። ምንጩ የት እንደሚፈልቅ ከማንም ይበልጥ የሚያውቁት ደግሞ የአካባቢው ሽማግሌዎች ናቸው።

የክምሩ ተዳፋት አንድ ሜትር ለመውጣት ሦስት ሜትር አግድም እስኪሆን ቢለዝብ ይመረጣል። ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ የሚቀለብስ ቦይ ይሠራለታል፤ በመካከሉ እርከን ይቆረጥለታል፤ ከግርጌው የደለል ማቆሪያ ኩሬ ይኖረዋል። ከኩሬው በታች ጨፌ ካለ ደግሞ ጨፌውን መንካት አይገባም። በኢሉባቦር ረግረጋማ መሬቶች ላይ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተካሄዱ ጥናቶች ጨፌ ውሃን የሚያቆይና ደለልን የሚያጣራ መሆኑን፣ ሕዝቡም ለቤት ክዳን የሚሆነውን ሣር ከዚያው እንደሚያጭድ በሚገባ አስረድተዋል። ነገር ግን ጨፌ የማዕድን ደለል መጣያ እንዳልሆነ ሊታወቅ ይገባል። ማጣራት የሚችለው ከኩሬው ያመለጠውን ጥቂት ነው፤ ሙሉውን ከጫንንበት ራሱ ይሞታል።

አራተኛ፦ ዕፅዋቱና ሰዉ

ስለ ዕፅዋት ስንነጋገር ኢሉባቦር ከባዶ አትነሣም። ቬቲቨር ሣር ወደ ጅማ የግብርና ምርምር ማዕከል የገባው በ1960ዎቹ ነው። ከዚያ በኋላ በ1980ዎቹ በካርልሀይንዝ በም የተመሠረተው የሰዎች ለሰዎች ድርጅት በኢሉባቦር ለአፈር ጥበቃ ሥራ አዋለው፤ ከዚህም ተነሥቶ ወደ ብዙ የአገሪቱ ክፍሎች ተዛምቷል። በመቱ ዙሪያ የእርሻ ዳር ቬቲቨር ያልተከለ ገበሬ ቢኖር እንኳ ሣሩን ያላየ የለም። ይህ ሣር ለማዕድን መሬት የተሠራ ይመስላል። ሥሩ በአግድም ሳይሆን ቁልቁል ሦስት ሜትርና ከዚያ በላይ ይወርዳል፤ አሲዳማነትንና አሉሚኒየምን ይታገሣል፤ ዘሩ ስለማይበቅል አረም ሆኖ አይዛመትም። የሚተከለው በእኩል ከፍታ መስመር ላይ፣ በ10 እና በ15 ሴንቲ ሜትር መካከል ተቀራርቦ ነው። በሰፊው ተራርቆ ከተተከለ ጎርፉ በመካከሉ ሰብሮ ያልፋል፤ እንዲያውም ውሃውን አጥብቦ ቦረቦር ይጀምራል።

ቬቲቨር አንድ ደካማ ጎን አለው፤ ጥላ አይወድም። ለእኛ ሥራ ግን ይህ ደካማ ጎን ጥቅም ነው። ዛፎቹ አድገው ጥላቸው ሲገጥም ቬቲቨሩ እየሳሳ ቦታውን ይለቃል። አፈሩን ጠብቆ፣ ለደኑ አስረክቦ ይሄዳል።

በረድፎቹ መካከል ያለው ቦታ ለከብት መኖ የሚሆን ደሾና ሰርዶ፣ ከእነርሱም ጋር ፈጥነው የሚያድጉ ዛፎች ሊተከሉበት ይችላል። ብሳና፣ በኦሮምኛ በካኒሳ የሚባለው፣ በተጎዳ መሬት ላይ ቀድሞ የሚበቅልና ቅጠሉ በፍጥነት የሚበሰብስ ነው። ሰሳ፣ ሙከ አርባ የሚባለው፣ እንዲሁም ብርብራና ሰስባንያ ከሥራቸው ጋር በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ይወስዳሉ። ዋንዛ፣ ማለትም ወዴሳ፣ ለቡና ጥላም ለጣውላም ይሆናል። ገበሬው በቡናው ላይ ማቆየት የሚመርጣቸው ዛፎች ከሞላ ጎደል እነዚህ ናቸው። ስለዚህ መልሶ የሚለብሰው መሬት ወደፊት የቡና መሬት እንዲሆን ካሰብን፣ የዛፉን ምርጫ ከውጭ መፈለግ አያስፈልገንም። ባሕር ዛፍን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው። ለማገዶና ለቤት ሥራ የራሱ ቦታ አለው፤ ነገር ግን በሥሩ ሣር ስለማያበቅል በተዳፋት የማዕድን መሬት ላይ የመጀመሪያ ተካይ ሊሆን አይገባም።

ብስባሽ ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ ደግሞ መልሱ በየቡና መፈልፈያው ደጃፍ ተከምሯል። የቡና ገለፈት በየዓመቱ ይቃጠላል ወይም ወደ ወንዝ ይጣላል። ከፍግ ጋር ተብላልቶ በቀይ አፈር ላይ ቢበተን ሁለት ችግር በአንድ ጊዜ ይቃለላል።

ከሌሎች አገሮች ልምድ ሁለቱን ልጥቀስ። በአሜሪካ የአፓላችያ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የማዕድን መሬት ሕግ ኩባንያዎች መሬቱን አስተካክለው ሣር እንዲያለብሱ አስገደደ። ዓላማው መልካም ነበር። ነገር ግን ተዳፋቱ እንዳይናድ ሲባል መሬቱ በከባድ ማሽን ተጠቀጠቀ፤ የተዘራው ኃይለኛ ሣርም ችግኙን አነቀው። ለዓመታት ዛፍ አልበቅል አለ። በኋላ ተመራማሪዎች የላይኛው 1.2 ሜትር ያህል አፈር ሳይጠቀጠቅ ልል ሆኖ እንዲቀር፣ ሣሩም ለዛፉ ቦታ የሚሰጥ ዓይነት እንዲሆን የሚያዝ አሠራር አወጡ፤ ዛፎቹም አደጉ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የክምሩ እምብርት ይጠቅጠቅ፣ ቆዳው ግን አይጠቅጠቅ።

ሁለተኛው ከጎረቤታችን ኬንያ ነው። ከሞምባሳ አጠገብ ባምቡሪ በተባለው የሲሚንቶ ድንጋይ ካባ ሬኔ ሃለር እ.ኤ.አ. በ1971 ሥራ ሲጀምር 26 ዓይነት ዛፎችን ሞከረ፤ የጸደቁት ሦስት ነበሩ። ከሦስቱ አንዱ ሸውሸዌ ነበር። የሸውሸዌው ቅጠል ግን ሳይበሰብስ ተከመረ። ሃለር ቅጠሉን የሚበሉ ቀይ እግር ያላቸውን ሚሊፒዶች ሰብስቦ አመጣና ለቀቃቸው፤ ብስባሹ የጀመረው ያኔ ነው። ዛሬ ያ ስፍራ ደን ነው። ከዚህ የምማረው ዛፍ መትከል የሥራው ግማሽ መሆኑን ነው፤ ሌላው ግማሽ ዛፉ የሚጥለውን ቅጠል ወደ አፈር የሚለውጥ ሕይወት መኖሩን ማረጋገጥ ነው።

አሁን ወደ ሰዉ ልመለስ። ሕጉ አለ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለፈቃዱ ጉዳቱን አስቀድሞ እንዲያጠና፣ መሬቱንም መልሶ እንዲያቋቁም ግዴታ ጥለውበታል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. የነዋሪዎችን ተቃውሞ ተከትሎ የለገደንቢ የወርቅ ማዕድን ፈቃድ መታገዱ ደግሞ፣ የአካባቢው ሕዝብ እምነት ሲጠፋ ፈቃድ ብቻውን ማዕድንን እንደማያስቀጥል አሳይቷል። የጎደለው፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሕጉና ከመሬቱ መካከል ቆሞ የሚለካ ሰው ነው።

ምን ይለካ? የተተከለው ችግኝ ብዛት የሥራ መለኪያ ሊሆን አይችልም። ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት ያለው ስንት ነው? መሬቱ በዕፅዋት የተሸፈነው በመቶ ስንት ነው? ሽፋኑ ከ60 በመቶ በላይ ሲሆን የአፈር ክለት በእጅጉ እንደሚቀንስ እናውቃለን። ከማዕድኑ በላይና በታች ያለው ጅረት በግንቦት፣ በሐምሌና በመስከረም የሚሸከመው ደለል ምን ያህል ነው? ይህን ለመለካት የሚያስፈልገው ጠርሙስ፣ ማጣሪያ ወረቀትና ሚዛን ነው። አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሊሠራው ይችላል። አሥር ዓመት ተከታትለን ብንለካ ማንም ሊክደው የማይችል መዝገብ ይኖረናል።

መሬቱን የሚጠብቀው ግን መዝገብ አይደለም። ልቅ ግጦሽ ካልተከለከለ ምንም ዓይነት ሣር አይጸድቅም፤ ልቅ ግጦሽን የሚከለክለው ደግሞ የሕዝቡ የራሱ ስምምነት ነው። በኢሉባቦር የጨፌውን ውሃ አጠቃቀም የሚያስተባብር አባ ለጋ የሚባል ሹመት በልማድ አለ። ሁሉም በየፊናው ቦይ ቢከፍት ጨፌው እንደሚደርቅ አባቶቻችን ቀድመው ተረድተዋል። መልሶ የሚለብሰው ተዳፋትም እንደዚሁ ያለ ጠባቂ ያስፈልገዋል። ጠባቂው ግን ድርሻ ሊኖረው ይገባል፤ የሚታጨደው ሣር፣ የሚቆረጠው ቬቲቨር፣ በኋላም የሚለቀመው ቡና ለማን እንደሚሆን መሬቱ ከመከፈቱ በፊት በጽሑፍ ሊሰፍር ይገባል።

ጌባ ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ባሮ ይሆናል፤ ባሮ በጋምቤላ በኩል አልፎ ወደ ነጭ ዓባይ ይወርዳል። በያዩ የሚሸረሸር አፈር በሌላ አገር ደለል ነው። እዚህ የሚቀረው ግን ባዶ ቀይ ተዳፋት ነው፤ ልጆቻችን የሚወርሱትም እርሱን ነው። ማዕድን ማውጣት አይገባም የሚል አቋም የለኝም፤ አገሪቱ ማዳበሪያም ጉልበትም ትሻለች። የምጠይቀው የሥራ ቅደም ተከተል ነው። ለሙ አፈር አስቀድሞ ይቀመጥ፤ ውሃው አስቀድሞ ይመራ፤ ሥራው በበጋ ይጠናቀቅ፤ ሣሩ ከሚያዝያ በፊት ይተከል። ተማሪዎቼ፣ ከእናንተ መካከል ነገ በወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ በማዕድን ኩባንያ ወይም በፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት የምትቀመጡ ትኖራላችሁ። የመልሶ ማልበስ ዕቅድ በጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ የችግኙን ቁጥር ከመመልከታችሁ በፊት የለም አፈሩን ክምር በካርታው ላይ ፈልጉ። በካርታው ላይ ከሌለ ዕቅዱን መልሱት።